ሆደ ሰፊ ከተማ የሚል ስም እንዴት ይገኛል? ለሰሜን ሸዋ ከተሞች የቀረበ መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬ፣ በመሐል ሜዳና በሌሎች የሰሜን ሸዋ ከተሞች ለሚኖሩ የእድር ዳኞች፣ የቀበሌ ሠራተኞች፣ ቤት አከራዮች፣ መምህራንና ነጋዴዎች ነው። የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ከተማ በእምነት፣ በቋንቋ፣ በትውልድና በአስተሳሰብ የሚለያዩ ሰዎችን ችሎ የሚያኖር ሆደ ሰፊ ከተማ ነው መባል የሚጀምረው እንዴት ነው የሚል ነው። መልሱን ከወዲሁ ለመናገር ያህል፣ ይህ ስም ከተማው ለራሱ የሚያወጣው አይደለም፤ መጥተው የኖሩ፣ ኖረውም የሄዱ ሰዎች በየደረሱበት እያወሩ የሚያወጡለት ነው። በከተማው መግቢያ የሚሰቀል መፈክርም ሆነ በበዓል መድረክ የሚደረግ ንግግር ለዚህ እምብዛም አይረዳም። የሚረዳው ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ቤት ሲከራይ፣ መታወቂያ ሲያወጣ፣ ሥጋ ሲገዛ፣ ልጁን ትምህርት ቤት ሲያስመዘግብና ዘመድ ሲሞትበት የሚገጥመው ነገር ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ እንግዳ ተቀባይነትንና ቻይነትን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። እንግዳ ተቀባይ ነኝ የማይል የኢትዮጵያ ከተማ የለም፤ አብዛኛውም እውነቱን ነው። እግር ማጠብ፣ መኝታ መልቀቅ፣ ቤት ያፈራውን ማቅረብ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ባህላችን ነው። ሆኖም እንግዳ በመጀመሪያው ቀን ወርቅ፣ በሁለተኛው ብር፣ በሦስተኛው ብረት ነው የሚለው አባባልም የራሳችን ነው። የቻይነት ፈተና የሚመጣው ከሦስተኛው ቀን በኋላ፣ እንግዳው ሻንጣውን ፈትቶ ጎረቤት ልሁን፣ ሱቅ ልክፈት፣ በእድሩ ልግባ ሲል ነው። ከዚያች ቀን በፊት የተደረገ መስተንግዶ የሚመሰገን ቢሆንም ስም አያወጣም።

ይህ ነገር እንዴት እንደሚሠራ ጎልቶ የሚታይባት ከተማ የሆላንዷ አምስተርዳም ናት። በ1579 እ.ኤ.አ. የሰሜን ኔዘርላንድ ግዛቶች በዩትሬክት በተዋዋሉት ስምምነት ማንም ሰው በእምነቱ ምክንያት እንዳይመረመርና እንዳይሳደድ ተስማሙ። ብዙም ሳይቆይ ከፖርቱጋልና ከስፔን የሸሹ አይሁዶች፣ በኋላም ከፈረንሳይ በስደት የወጡ ፕሮቴስታንቶች መግባት ጀመሩ። በሌሎች አገሮች የተከለከሉ መጻሕፍት እዚያ ይታተሙ ነበር። ይህ ማለት ግን ከተማዋ ለሁሉም እኩል በሯን ከፍታ ነበር ማለት አይደለም። ካቶሊኮች በአደባባይ እንዳይቀድሱ ተከልክለው ስለነበር ከውጭ ሲታዩ ተራ መኖሪያ በሚመስሉ ቤቶች ውስጥ ተሰብስበው ይቀድሱ ነበር፤ ሹማምንቱም እያወቁ ያልፏቸው ነበር። በ1663 በአንድ ነጋዴ ቤት የላይኛው ፎቅ ላይ የተሠራ እንዲህ ያለ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ይጎበኛል። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ደካርት በ1631 ከአምስተርዳም ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ በዚህች ከተማ ከእርሱ በስተቀር ሰው ሁሉ በንግዱ የተጠመደ በመሆኑ ማንም ሳያየው ዕድሜውን ሙሉ ሊኖርባት እንደሚችል ገልጿል። የከተማዋን ስም በአውሮፓ ያሰራጨው እንዲህ ያለው የእንግዳ ወሬ ነው ብዬ አምናለሁ። ከዚህ የምንወስደው ትልቁ ትምህርት ደግሞ ነገሩ በፍቅር አለመጀመሩ ነው። የአምስተርዳም ሰው ባዕዱን ከመውደዱ በፊት ትቶታል፤ ሥራውን እንዲሠራ፣ እምነቱን እንዲይዝ፣ በሰላም እንዲገባና እንዲወጣ ትቶታል። ከተማ ነዋሪዎቿን ባዕድ እንዲወዱ ልታዝ አትችልም፤ እንዲተዉ ግን ልትደነግግ ትችላለች።

የራስን ታሪክ ሳይሸፍኑ መያዝ

ስም ለማውጣት የሚፈልግ ከተማ ብዙ ጊዜ እኛ ከጥንትም እንዲህ ነበርን በማለት ይጀምራል። ይህ አካሄድ ቀላል ቢሆንም በድሮ ዘመን የተበደለውን ወገን ልጆች ከመጀመሪያው ያስኮርፋል። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው። የንጉሡ ዜና መዋዕል ግን ብርሃኑ የታየው በሃይማኖት ከንጉሡ ጋር የተለያዩት ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ መሆኑንም ይናገራል። ይህን ለተማሪዎች ሳይደብቁ ማስተማር ለከተማዋ ክብር እንጂ ውርደት አይደለም፤ በሃይማኖት ክርክር ምክንያት ሰው የሞተበት ቦታ ዛሬ ምን ልሁን ብሎ የመምረጥ መብት አለው።

በቻይነት ስማቸው የሚጠሩ ሌሎች ከተሞችም ቢሆኑ እንዲያ ሆነው አልተፈጠሩም። ሐረር ለረጅም ዘመን ሙስሊም ላልሆነ መንገደኛ የተዘጋች ከተማ ነበረች፤ እንግሊዛዊው በርተን በ1855 እ.ኤ.አ. የገባው በብዙ ስጋት ነበር። ያችው ሐረር ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታ የዩኔስኮን የሰላም ከተሞች ሽልማት ተቀብላለች። በአሜሪካ የነጻ አስተሳሰብ መናኸሪያ እየተባለች የምትጠራው ሳን ፍራንሲስኮ በ1877 እ.ኤ.አ. በቻይናውያን ነዋሪዎቿ ላይ ሁከት አስነስታ ሱቆቻቸውንና ቤቶቻቸውን ያወደመች ከተማ ናት። ስሟ የተለወጠው በአንድ ቀን ሳይሆን በብዙ ትንንሽ ውሳኔዎች ነው። ከእነዚህ አንዱ በ1957 እ.ኤ.አ. የተሰጠው ፍርድ ነው፤ ጸያፍ ነው የተባለ የግጥም መጽሐፍ ያሳተመ የመጽሐፍ መደብር ባለቤት ተከሶ ዳኛው በነጻ አሰናበቱት።

በእኛው አካባቢ ደግሞ ለመነሻ የሚሆን ጠንካራ ታሪክ አለ። ከአንኮበር ግርጌ የምትገኘው አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ፣ ከዘይላና ከሐረር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉባት የገበያ ከተማ ነበረች። አርጎባው፣ አማራው፣ አፋሩና ሐረሪው በአንድ ገበያ አሞሌና ቡና፣ ጨርቅና ዝሆን ጥርስ ይለዋወጡ ነበር። ክርስቲያኑ ንጉሥ የይፋትን ግዛት ለሙስሊሙ ወላስማ መሐመድ አደራ ሰጥተው ነበር፤ የጎንቾን እስር ቤት የሚጠብቁትም እኒሁ ወላስማ ነበሩ። ንጉሥ እስረኞቹን በሌላ እምነት ሰው እጅ ማስቀመጡ ከብዙ ንግግር ይልቅ መተማመናቸውን ያሳያል። ይህን ስንናገር ግን በአቅራቢያው በአብዱል ረሱል ገበያ ሰው ይሸጥ እንደነበር አብረን መናገር ይገባናል። ነጋዴው ለነጋዴው ያሳየው ቻይነት ለባሪያው አልደረሰውም፤ የዛሬው ከተማ ራሱን ሲመረምር ማን ከቻይነቱ ውጭ ቀረ ብሎ መጠየቅን ከዚህ ይማራል።

የገበያው ውርስ አሁንም አልጠፋም። ከሸዋ ሮቢት አልፎ በኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን በሚገኘው የሰንበቴ የእሑድ ገበያ አፋሩ ግመሉንና ፍየሉን፣ ኦሮሞውና አርጎባው እህሉንና ከብቱን፣ ደገኛው አማራ የደጋ ምርቱን ይዞ ይገናኛል። አንድ ከተማ አስቀድሞ ሊጠብቀው የሚገባው እንዲህ ያለውን ገበያ ነው። የገበያ ቀንን ያለ በቂ ምክንያት አለመለወጥ፣ ሚዛን መቆጣጠር፣ የሩቁን ሰው በቋንቋው የሚያነጋግር ቀረጥ ሰብሳቢ መመደብ፣ በገበያተኞች መካከል ጠብ ሲነሳ ከሁሉም ወገን የተመረጡ ዳኞች እዚያው እንዲያዩት ማድረግ፣ ይህ ሁሉ ከአንድ ቀን ስብሰባ የበለጠ ይሠራል።

ቤት፣ መሸኛና መዝገብ

ባዕድ ሰው ከተማውን የሚለካው መጀመሪያ በአከራዩ፣ ቀጥሎ በቀበሌው ነው። አከራይ ስለ ኪራይ መጠን፣ ስለ ቀብድ፣ ስለ ውሃና መብራት ክፍያ መጠየቁ ተገቢ ነው። የየት አገር ሰው ነህ፣ ሃይማኖትህ ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ግን ቤት ለማከራየት የሚያስፈልግ አይደለም፤ ተከራዩም ሌላውን ሁሉ ረስቶ ይህችን ጥያቄ ያስታውሳል። ደላሎችንና አከራዮችን ሰብስቦ በዚህ ጉዳይ መነጋገር ወጪ የሌለው ሥራ ነው፤ ቤት በማከራየት በሚታወቁ ሰፈሮች ያሉ እድሮች ሊጀምሩት ይችላሉ።

በቀበሌ በኩል ያለው ችግር መሸኛ ነው። ከቀድሞ መኖሪያው መሸኛ ያላመጣ ሰው መታወቂያ ለማግኘት ይቸገራል፤ መታወቂያ የሌለው ደግሞ ሥራም ቤትም ያጣል። ደብረ ብርሃን በግጭት ምክንያት ከቤት ንብረታቸው የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችን ያስጠጋች ከተማ ናት፤ ቤቱ ተቃጥሎበት የወጣ ሰው መሸኛ አምጣ ሲባል ምን እንደሚሰማው ማሰብ አያዳግትም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 32 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመረጠው የአገሪቱ ክፍል የመኖርና የመዘዋወር ነጻነት እንዳለው ይደነግጋል። ስለዚህ ቀበሌው ለእንዲህ ያሉ ሰዎች በሌላ ማስረጃ፣ ለምሳሌ በመጠለያው ኃላፊዎች ደብዳቤ ወይም አብረው በመጡ ሰዎች ምስክርነት የሚያስተናግድበትን አሠራር ከበላይ አካል ጋር ተነጋግሮ በጽሑፍ ማውጣት አለበት። በጽሑፍ ካልወጣ ጉዳዩ በአንዱ ሠራተኛ መልካም ፈቃድ ይንጠለጠላል፤ ሠራተኛው ሲቀየር ቸርነቱም አብሮት ይሄዳል።

በመዝገብ ረገድ አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለ። አምስተርዳም በ1941 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር አይሁድ ነዋሪዎቿ በናዚዎች መታፈሳቸውን ተቃውማ የሥራ ማቆም አድማ ያደረገች ከተማ ናት። ይህ ድፍረት ግን አላዳናቸውም፤ በኔዘርላንድ ከነበሩት አይሁዶች ከአራቱ ሦስቱ ያህል በጦርነቱ ዘመን ተገድለዋል። ለዚህ ከረዱት ነገሮች አንዱ የሰውን እምነት ጭምር የሚይዘው በጥንቃቄ የተደራጀው የሕዝብ መዝገብ ነበር። በቅን ልቦና የተሞላ ቅጽ በክፉ ቀን በማን እጅ እንደሚወድቅ ማንም አያውቅም። ፋይዳ የተባለው ብሔራዊ መታወቂያ ብሔርንና ሃይማኖትን አይጠይቅም፤ የቀበሌ፣ የትምህርት ቤትና የእድር ቅጾችም ለአገልግሎቱ የማያስፈልገውን እንዲህ ያለ ጥያቄ ቢሰርዙ መልካም ነው።

ማዕድና ሥጋ

ስለ መቻቻል የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከአንድ ማዕድ መብላትን እንደ ምልክት ያነሳሉ። በእኛ አገር ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ክርስቲያኑ የሙስሊም እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያን እርድ አይበላም፤ ይህን ድንበር ለማፍረስ የሚሞክር ሰው ቻይ ሳይሆን ደፋሪ ነው። የይፋት ሰው ጥበብ ድንበሩን ጠብቆ አብሮ መቀመጥን ማወቁ ነው።

በሸዋ ሮቢት ወይም በአጣዬ ክርስቲያን ቤተሰብ ልጁን ሲድር የሚደረገውን ልብ ብሎ ማየት ይበቃል። ደጋሹ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ የሚታረደውን ፍየል ወይም ሰንጋ ራሱ አያርድም፤ ገንዘቡን ወይም ከብቱን ለራሳቸው ያስረክባል፤ እነርሱ ያርዳሉ፣ በራሳቸው ቢላዋና ድስት ይሠራሉ፣ ራሳቸው ያስተናግዳሉ። ጠላና ጠጁ ወደዚያ ድንኳን አይገባም፤ ለስላሳና ብርዝ ይቀርባል፣ ቡናው ግን ለሁሉም አንድ ነው። ሙስሊሙ ሲድርም ሥርዓቱ በተራው ይኸው ነው። እዚህ ላይ የሚፈጸም ጥፋት ትንሽ ቢመስልም ለዓመታት ይወራል። የእንግዶቹ ድንኳን ከጓሮ፣ ከመጸዳጃ ቤት አጠገብ ከተተከለ፣ ወንበሩ የተሰባበረ ከሆነ፣ ምግቡ ሌላው በልቶ ከጨረሰ በኋላ ከደረሰ፣ ሙሽሮቹም ወደዚያ ሳይዞሩ ከሄዱ፣ ድግሱ ከነሙሉ ወጪው ስድብ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱ ድንኳኖች በአንድ ግቢ ፊት ለፊት ይተከሉ፤ ወንበሩ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ምግቡ በአንድ ሰዓት ይነሳ፤ ሙሽሮቹ ሁለቱንም ወገን እጅ ይንሱ፤ የሁለቱም ሽማግሌዎች ምርቃታቸውን ያውርዱ።

ማዘጋጃ ቤቱም በዚሁ መንፈስ መሥራት ይችላል። ቄራው ሁለቱንም የእርድ ሥርዓት በእኩል ንጽሕናና በእኩል ክፍያ ያስተናግድ፤ ሉካንዳ ቤቶቹ ምልክታቸውን በግልጽ ይስቀሉ። ሙስሊም ሉካንዳ በሌለበት የደጋ ከተማ አንድ ሰው ሊከፍት ሲመጣ ፈቃዱን ማጓተት ከተማው ለሙስሊም ሠራተኛና ተማሪ የሚያስተላልፈው መልእክት ነው። የስብሰባ ሰዓትም እንዲሁ በማስተዋል ይመረጥ፤ በዓርብ ስግደት፣ በረመዳን ማፍጠሪያ ወይም በሰንበት ቅዳሴ ሰዓት የተጠራ ስብሰባ አንዱን ወገን እያስቀረ ሁሉም ተስማሙ ብሎ ቃለ ጉባኤ ይጽፋል።

እድርና መቃብር

ቤት፣ መታወቂያና ማዕድ የተሟላለት ሰው የከተማው ሰው መሆኑን የሚያረጋግጠው ሲሞትበት ነው። ብዙ እድሮች አዲስ ገቢው በቆየው አባል ልክ የንብረት ድርሻ እንዲከፍል ስለሚጠይቁ፣ ከአባላት ጋር እኩል ለመሆን የሚከፈለው ከአንድ ሠራተኛ ወርኃዊ ደመወዝ በላይ ሊሆን ይችላል። መግቢያውን በየወሩ እየከፈለ እንዲያጠናቅቅ መፍቀድና ሙሉ ክፍያ ሳይጨርስ ሐዘን ቢደርስበት ድንኳንና ወንበር እንዳይከለከል በመተዳደሪያ ደንቡ ማስገባት ቀላል ማሻሻያ ነው። ክርስቲያንና ሙስሊም አብረው የሚረዳዱበት እድር ደግሞ ሙስሊሙ ሟቹን ሳይውል ሳያድር እንደሚቀብር ማወቅ አለበት። ለፋፊው ነገ ይነግራል ብሎ የተቀመጠ እድር ሥርዓተ ቀብሩ ካለፈ በኋላ ይደርሳል፤ ሐዘንተኛውም እድርተኛው ሳይቆምለት አለፈ ብሎ ይይዛል። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ የውሃ በርሜሉ የጋራ ይሁን፤ የሥጋ ድስቱ ይለይ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ አስቸጋሪው የመቃብር ቦታ ነው። ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የየራሳቸው መቃብር አላቸው። ወንጌላውያን አማኞች ግን በብዙ የአገራችን ከተሞች አስከሬን ይዘው የሚቀብሩበት አጥተው ተቸግረዋል። ቤተሰብ በሐዘን ላይ ሳለ የሚነሳ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ በከተማው ስም ላይ የሚጥለው ጥላ በምንም በጎ ሥራ አይነሳም። የከተማው አስተዳደር ቦታውን ማንም ሳይሞት፣ በሰላሙ ቀን፣ የሃይማኖት አባቶች ባሉበት መድቦ በካርታ ማስቀመጥ አለበት።

ከመካከላችን ያሉ ባዕዶች

ከሩቅ የመጣውን የሚችል ከተማ ከጎኑ ያለውን ላይችል ይችላል። ሸክላ የምትሠራው እናት፣ ማረሻ የሚቀጠቅጠው ባለሙያ፣ ቆዳ የሚያለፋው ሰው በአካባቢያችን ለዘመናት ቡዳ እየተባሉ በጋብቻ ተገልለው ኖረዋል። ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ ከወጣ መቶ ዓመት ቢያልፍም ስድቡ አልቀረም። እኔ በበኩሌ የአንድ ከተማ ቻይነት ከየትም ይልቅ በዚህ ይለካል እላለሁ፤ እንግዳው ቢከፋው ወደ አገሩ ይመለሳል፤ ሸክላ ሠሪዋ ግን ሌላ አገር የላትም። በትምህርት ቤት ስድቡን ማስቆም፣ በገበያ ላይ ከዳር ሳይሆን ከሌሎች ጋር እኩል ቦታ መስጠት፣ በእድርና በወላጅ ኮሚቴ ማስመረጥ ከዛሬ ጀምሮ የሚቻል ነው።

ከብዙኃኑ የተለየ ሐሳብ የሚናገር ሰውም እንዲሁ ነው። በወላጆች ጉባኤ፣ በዩኒቨርሲቲ ውይይት ወይም በቡና ቤት የማይወደድ ሐሳብ የተናገረ መምህር በሐሳቡ መልስ ሊሰጠው ይገባል፤ ከቤት ኪራይ፣ ከሥራ ወይም ከእድር በማግለል ሊቀጣ አይገባም። አንድ ጊዜ እንዲህ ከተደረገ ሌላው ሁሉ ዝም ይላል፤ ዝምታውንም ስምምነት ነው ብሎ የሚያስብ አስተዳደር ይሳሳታል።

ክፉ ቀን ሲመጣ

በሰሜን ሸዋ ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው በአጣዬና በአካባቢዋ የደረሰውን ሳይጠቅስ ማለፍ አይችልም። ከተማዋ በ2013 ዓ.ም. በቃጠሎ የወደመባት ንብረትና የጠፋባት ሕይወት ገና አልተረሳም። ቂም ባለበት ቦታ ለተበዳይ ፍትሕ ሳይሰጡ ስለ መቻቻል መስበክ በደሉን እንደ መካድ ይቆጠራል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ፤ መጀመሪያ የሞተው ይታወቅ፣ የጠፋው ይቆጠር፣ ያጠፋው በሕግ ይጠየቅ፣ ከዚያም ሽማግሌው ለደም ማድረቅና ለዕርቅ ይቀመጥ።

ለወደፊቱ ግን ዝግጅቱ አስቀድሞ መሆን አለበት። ቄሱ፣ ሼሁ፣ ፓስተሩ፣ የእድር ዳኞችና የጎረቤት ወረዳ ሽማግሌዎች የስልክ ቁጥር ተለዋውጠው፣ ወሬ በተነሳ ሰዓት ማን ለማን እንደሚደውል ተስማምተው ይጠብቁ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በሕግ በኩል ያለውን ይሸፍናል፤ ሆኖም በሌሊት የተለቀቀ የፌስቡክ ወሬ ክስ እስኪመሠረት አይጠብቅም። በቦታው ያለ የታመነ ሰው እዚህ እንዲህ ያለ ነገር የለም ብሎ ወዲያው መናገሩ ነው የሚያበርደው።

ስሙ መውጣቱን እንዴት ማወቅ ይቻላል?

ነዋሪውን ጠይቆ ማወቅ አይቻልም፤ ነዋሪው ከተማውን ያመሰግናል። አሁን በኪራይ ላይ ያለውን ሰው መጠየቅም አይጠቅምም፤ አከራዩንና ቀበሌውን ይፈራል። የሚጠየቁት የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከአገሪቱ ማዕዘናት የመጡ ተማሪዎችን አስመርቆ ይሸኛል፤ እያንዳንዳቸው የከተማዋን ወሬ ይዘው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከከተማው ቤተሰቦች ጋር በቃል ኪዳን ቤተሰብነት ማገናኘቱ ለዚህ ጥሩ አርአያ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው መንገድ ላይ የሚሠሩ ሾፌሮችና ረዳቶችም በየከተማው ስለሚያድሩ የየትኛው ከተማ ሰው እንዴት እንደሆነ በሚገባ ያውቃሉ። የተዛወረ መምህርና የባንክ ሠራተኛም እንዲሁ።

ጥያቄው አንድ ብቻ ይሁን፤ ወንድምህ ወይም እኅትህ ወደዚህ ከተማ ተዛውረው ቢመጡ ምን ትላቸዋለህ የሚል። መሸኛው ከተሰጠ በኋላ፣ ባለሥልጣን ባልሆነ ሰው፣ ቢቻል በቋንቋቸው ይጠየቁ። መልሱ ስም ሳይጠቀስ ይጻፍና በሚቀጥለው የእድሮች የጋራ ስብሰባ ይነበብ፤ በተደጋጋሚ የተነሳው ቅሬታ የቤት ኪራይ ከሆነ ወደ አከራዮች፣ መታወቂያ ከሆነ ወደ ቀበሌ፣ የመቃብር ቦታ ከሆነ ወደ ከተማው አስተዳደር ይመራ። በዓመቱ ይኸው ጥያቄ ለአዲሶቹ ተመራቂዎችና ተዛዋሪዎች እንደገና ይቅረብ።